ጦርነት ትምህርቱን ያቋረጠበትን ታዳጊ ወደ ክፍል መመለስ፦ መሃል አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

በዚህ ጥቂት ዓመት ውስጥ መሃል አዲስ አበባ ብዙ ቤት አንድ ሰው ጨምሯል። የእህት ልጅ ከጎጃም፣ የአጎት ልጅ ከወለጋ፣ የአክስት ልጅ ከትግራይ። ዕድሜው 14፣ 15፣ 17። ሳሎን ፍራሽ ተነጥፎለታል፤ ቀኑን ስልክ ላይ ተደፍቶ ይውላል። «ትምህርቱስ?» ሲባል ቤተሰቡ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። «ነገሩ ይረጋጋና ይመለሳል።»

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ መልስ ነው። ነገሩ መቼ እንደሚረጋጋ የሚያውቅ የለም። ትግራይ ውስጥ ትምህርት ቤቶች መጋቢት 2012 በኮሮና ተዘጉ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ጀመረ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ነው። ከዚያም በኋላ ብዙ ትምህርት ቤት ፈርሶ ወይም ተፈናቃይ ሰፍሮበት ቆየ። አማራ ክልል ደግሞ ግጭቱ ከ2015 ክረምት ወዲህ ስንትና ስንት ትምህርት ቤት ዘግቷል። ዩኒሴፍ በመላ ሀገሪቱ ከትምህርት ገበታ ውጪ ያሉትን ልጆች ከ9 ሚሊዮን በላይ አድርሷቸው ነበር።

የ7 ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ቢያጣ በኋላ ይደርስበታል። የ15 ዓመቱ ግን ሁለት ዓመት ሲያጣ 17 ይሆናል። በ17 ዓመቱ 8ኛ ክፍል መቀመጥ ያሳፍረዋል። እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ የሚያስገባ ሥራ ይለምዳል። ወይ «ዓረብ አገር እልክሃለሁ» የሚል ደላላ ያገኘዋል። ሴቷን ደግሞ «ዳሯት» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ስለዚህ ወረቀቱ እስኪሟላ፣ መንገዱ እስኪከፈት፣ መስከረም እስኪጠባ አትጠብቁ። ልጁ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ ማጥናት ይጀምር። የምዝገባው ጉዳይ ጎን ለጎን ይሂድ።

1. መጀመሪያ ቤት ውስጥ ተስማሙ

ልጁ ጥቂት ቀን ይረፍ፤ ይብላ፤ ይተኛ። ስላየው ነገር አታስወሩት። «እንዴት አመለጣችሁ?» የሚለውን ጥያቄ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንዲመልስ ማድረግ ቁስሉን መነካካት ነው። ራሱ ማውራት ከጀመረ ግን አድምጡት። እናንተ የምትጠይቁት ሌላ ነው፦ ስንተኛ ክፍል ደርሰህ ነበር? የቱን ትምህርት ትወድ ነበር? መጨረሻ ላይ ምን ስትማሩ ተቋረጠ?

ቀጥሎ አዋቂዎቹ ለብቻቸው ይነጋገሩ። ይሄ ከባዱ ንግግር ነው፤ ብዙ ቤት ይዘለላል። ልጅቷ የመጣችው ልትማር ነው ወይስ ቤት ልታግዝ? ሁለቱም ከሆነ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ልጆች ታጥባ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ዕቃ አጥባ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደብተር የምትከፍት ልጅ ተማሪ አይደለችም። የቤት ሥራ ታግዝ፣ ማንም ልጅ ያግዛል። ግን ከቤቱ ልጆች እኩል እንጂ በእነሱ ፈንታ አይሁን። የጥናት ሰዓቷን ቁርጥ አድርጋችሁ ወስኑ። ለምሳሌ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቴሌቪዥን ይጠፋል፤ እሷም አትላክም።

2. የት ጋ እንደቆመ እወቁ

«8ኛ ክፍል ደርሷል» ማለት የ8ኛ ክፍልን ትምህርት ይዟል ማለት አይደለም። ዓመቱ ውስጥ ስንት ወር እንደተማረ፣ በምን ሁኔታ እንደተማረ እግዜር ይወቀው። ያለፈውን ሳታውቁ አዲስ መጽሐፍ ብትሰጡት በሳምንቱ ተስፋ ይቆርጣል፤ «ደደብ ሆኛለሁ» ይላል። ለመለየት አንድ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ፈተና አትበሉት። አብራችሁት ተቀመጡ።

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ስጡት፦

- 2/3 + 1/4 ስንት ነው?
- ከዜሮ በታች 8 ላይ 3 ብንደምር ስንት ይመጣል?
- የ240 ብር 15 በመቶ ስንት ብር ነው?
- አንድ ቁጥር በ2 ተባዝቶ 5 ሲጨመርበት 17 ሆነ። ቁጥሩ ስንት ነው?

መልሱ በቅደም ተከተል 11/12፣ ከዜሮ በታች 5፣ 36 ብር እና 6 ነው። እናንተ ግን ከመልሱ ይልቅ ስህተቱን ተመልከቱ። የመጀመሪያውን 3/7 ብሎ ከመለሰ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሯል። ክፍልፋይ አልገባውም ማለት ነው፤ ወደ 5ኛና 6ኛ ክፍል መጽሐፍ ውረዱ። ሁለተኛውን ከዜሮ በታች 11 ካለ ምልክቱ ነው ያሳተው፤ ያ የ7ኛ ክፍል ጉዳይ ነው፣ ቶሎ ይስተካከላል። ሦስቱን መልሶ አራተኛው ላይ ከቆመ አልጀብራ ገና ነው፤ ያ ጥሩ ዜና ነው፣ ከዚያው ቀጥሉ።

ለንባብ አንድ አንቀጽ በአማርኛ፣ አንድ ደግሞ ከ7ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ዝጉና «ምን ይላል?» በሉት። በራሱ ቋንቋ ይመልስ፤ ትግርኛም ኦሮምኛም ይሁን። ማንበብ የሚችልና ያነበበው የሚገባው ልጅ ሁለት የተለያዩ ልጆች ናቸው።

መነሻው ልጁ መጨረሻ ላይ በልበ ሙሉነት የመለሰበት ቦታ ነው። ከዚያ ጀምሩ። የ9ኛ ክፍል ልጅ የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ መያዙ ቅር ካለው ሽፋኑን በጋዜጣ ሸፍኑለት። እውነቴን ነው፤ ለ16 ዓመት ልጅ ይህች ትንሽ ነገር አይደለችም።

3. ወረቀት፦ ያለውን ሰብስቡ፣ የሌለውን ጠይቁ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ «ካርድና መሸኛ አምጡ» ይባላሉ፤ ካርዱ ቤቱ ጋር ተቃጥሏል፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። አትቀመጡ። አንድ ፎልደር ግዙና ልጁ እንደሚማር የሚያሳይ ማንኛውንም ነገር ሰብስቡበት። የማንኛውም ዓመት ሪፖርት ካርድ። የ6ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት። ማህተም ያለበት የድሮ ደብተር ወይም መታወቂያ። የክትባት ካርድ። የክርስትና ወይም የልደት ማስረጃ።

ካርዱ ቢጠፋም ፎቶው ሊኖር ይችላል። ወላጆች ሰኔ ላይ ካርድ ፎቶ አንስተው ለዘመድ የመላክ ልማድ አላቸው። ቴሌግራማችሁን ወደ ኋላ ፈትሹ፤ የአጎትና የአክስትንም አስፈትሹ። የክፍል ጓደኞቹን፣ የስም ጠሪ መምህሩን፣ ርዕሰ መምህሩን በስልክ ፈልጉ። ርዕሰ መምህሩም ተፈናቅለው ይሆናል። ግን የልጁን ስምና ክፍል ጠቅሰው፣ ፈርመው በፎቶ የሚልኩት አጭር ጽሑፍ ከምንም ይሻላል። የክልላዊ ፈተና ውጤት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ሌላ በክልሉ ትምህርት ቢሮ በኩል ይጠየቃል። ትምህርት ቤቱ ተቃጠለ ማለት ውጤቱ ጠፋ ማለት አይደለም።

ለልጁ ማንነት ፋይዳ አውጡለት። ምዝገባው ነፃ ነው። ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ባለው ምስክር እንዲመዘገብ አዋጁ ይፈቅዳል። አሻራውን ሲሰጥ ስሙን በደንብ አስተካክላችሁ አስጽፉ። የአባትና የአያት ስም ፊደሉ ካርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» በኋላ ማትሪክ ላይ ራስ ምታት ይሆናል።

ከዚያ በቃል ከመለመን በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦

«ለ… ክፍለ ከተማ ወረዳ … ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ ትምህርት ቤት እንዲመደብልን ስለመጠየቅ። ታዳጊ … በ… ዞን በ… ትምህርት ቤት እስከ … ክፍል ሲማር ቆይቶ በአካባቢው በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ትምህርቱን አቋርጧል። አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል። ሙሉ የትምህርት ማስረጃውን ማምጣት ለጊዜው አልተቻለም፤ በእጃችን ያለውን አያይዘናል። የደረጃ መለያ ፈተና ተሰጥቶት፣ ቀሪው ማስረጃ እስኪቀርብ በጊዜያዊነት እንዲማር በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ሁለት ኮፒ ይሁን። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉት፤ የእናንተ ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት። ወረዳው እምቢ ካለ ያንኑ ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ከተማው ትምህርት ቢሮ ትሄዳላችሁ። አንገት አትድፉ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ኅብረትን የካምፓላ ኮንቬንሽን በ2012 አጽድቃለች። ስምምነቱ ተፈናቃዮች ትምህርት እንዲያገኙና የጠፋባቸው ሰነድ እንዲተካላቸው መንግሥትን ያስገድዳል። ይህን በትህትና መጥቀስ ነውር አይደለም። ከተቻለ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ደብተሩን ይዞ የቆመን ልጅ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ይከብዳል፤ ብዙ ርዕሰ መምህራንም ልባቸው ከልጁ ጋር ነው።

4. የትኛው ትምህርት ቤት?

ለአራዳ፣ ለቂርቆስ፣ ለልደታ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ቅርብ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ክፍያ የለም። ግን ቤታችሁ በኮሪደር ልማት የሚነሳ ከሆነ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ እንዳየነው፣ የት እንደምትሄዱ ሳታውቁ ልጁን አትመዝግቡ። አንዴ የተነቀለ ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ደግሞ አይነቀል። በታክሲ ሁለት መሳፈሪያ የሚያስኬድ ትምህርት ቤት ስሙ ትልቅ ቢሆንም እለፉት። የትራንስፖርት ብር ባጣበት ቀን ይቀራል፤ አንዴ መቅረት ከለመደ ደግሞ መመለሱ ያስቸግራል። የምገባው ፕሮግራም የታሰበው ለታችኞቹ ክፍሎች ነው። ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ ምሳው ከቤት ይታሰብ።

ቀን ወይስ ማታ? እኔ የማምነው በቀኑ ነው። ይህ ልጅ ከትምህርቱ እኩል የሚያስፈልገው የዕድሜ ጓደኛ፣ ኳስ፣ ተራ የሆነ ቀን ነው። የማታ ተማሪው ብዙውን ጊዜ ሠራተኛና አዋቂ ነው፤ መንገዱም ይመሻል፣ በተለይ ለሴት ልጅ። ነገር ግን የ18 ዓመት ወጣት ከ14 ዓመት ልጆች ጋር 7ኛ ክፍል ልቀመጥ አልችልም ካለ፣ ወይም ቤተሰቡን መርዳት ግድ ከሆነበት፣ ማታ መማር ካለመማር ሺህ ጊዜ ይሻላል።

በክፍል ምደባም እንዲሁ ሚዛን ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ዝቅ ላድርገው ካለ፣ አንድ ክፍል ብቻ ዝቅ ብሎ ክፍተቱን ቤት እንዲሞላ ተደራደሩ። ያቺን የአራት ጥያቄ ወረቀት ያዙ፤ ምን እንደሚችል ማሳያ ትሆናችኋለች።

ሙያ መማር የሚፈልግ ታዳጊም አለ። ሜክሲኮ አካባቢ እንደ ተግባረ ዕድ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አሉ። ሄዳችሁ አጫጭር ሥልጠናዎቹንና የመግቢያ መስፈርቱን ጠይቁ። ግን ልጁ ስለፈለገ ይሁን እንጂ ወረቀት ስለጠፋ ወደዚያ አትግፉት።

5. ጥናቱን ማስያዝ

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ተቀምጦ ማጥናት ይከብዳል። መሃል ከተማ መኖር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው፤ ለመጠቀም ክፍያ የለውም። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክርም አለ። መታወቂያ የሌለው ልጅ በሩ ላይ ፈርቶ እንዳይመለስ የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁት ግቡ። መጽሐፍ የት እንደሚጠየቅ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ አሳዩት። ከዚያ በኋላ ብቻውን ይሄዳል።

የመማሪያ መጽሐፍ ሲገዛ ወይም ሲጫን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መሆኑን አረጋግጡ። ያገለገለ መጽሐፍ ሻጭ ጋ የድሮው አሁንም አለ፤ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙት። ፒዲኤፉ በትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ግን በስልክ ስክሪን ሒሳብ መሥራት ዓይንም ልብም ያደክማል። የሒሳቡንና የእንግሊዝኛውን ጥቂት ምዕራፎች አሳትሙለት፤ የቀረውን በስልክ ያንብብ።

ትልቁ ተራራ እንግሊዝኛ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየትኛውም ክልል የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ ሁለት ዓመት ያቋረጠ ልጅ ባዮሎጂ የከበደው ቢመስለውም የከበደው ቋንቋው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ለየትምህርቱ ትንሽ የቃላት ደብተር ይኑረው። ምዕራፉን መጀመሪያ የገባውን ያህል ያንብብ፤ የማያውቃቸውን ቃላት ብቻ በቋንቋው ፍቺ ይጻፍ። በማግስቱ ያንኑ ምዕራፍ ደግሞ ያንብበው። አዲስ ምዕራፍ የሚከፈተው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀርፋፋ ይመስላል፤ ወር ሳይሞላ ፍጥነቱ ይለወጣል።

አስጠኚ ከፈለጋችሁ የአራት ኪሎና የአምስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ሁለት ሦስት ቤት ተዋጥቶ አንድ አስጠኚ ቢይዝ ለሁሉም ይቀላል። የሰፈሩ እድር ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን እንዲሰጥ ጠይቁ። ባዶ ከሚውል ልጆች ይጠቀሙበት።

6. ከክፍል በፊት ልቡን ተመልከቱ

ርችት ሲተኮስ ጠረጴዛ ስር የሚገባ ልጅ አለ። ግንባታ ላይ ብረት ሲወድቅ ደብተሩን ጥሎ የሚነሳ አለ። ሌሊት የማይተኛ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ መምህሩም «ሰነፍ» ይለዋል። ስለዚህ ለአንድ መምህር፣ ቢቻል ለስም ጠሪው፣ በጓዳ ንገሩ። ዝርዝሩን አትናገሩ፤ «ከግጭት አካባቢ ነው የመጣው፣ ድምፅ ያስደነግጠዋል፣ በር አጠገብ ቢቀመጥ ደስ ይለናል» ይበቃል። ክፍል ፊት አቁመው ከየት እንደመጣ እንዳይጠይቁትም አደራ በሉ።

በአነጋገሩ የሚያሾፍበት ተማሪ መኖሩ አይቀርም። ብሔር የሚጠቅስ ስድብ ከሆነ ግን በዝምታ አትለፉት። ወደ ወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት ውሰዱት። ብዙ ልጅ ትምህርት የሚተወው ሒሳብ ከብዶት ሳይሆን ሰድበውት ነው።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ቅዠቱ፣ ሰው መሸሹ ከሳምንታት በኋላም ካልቀነሰ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እነሱ እንደ ሁኔታው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይልኩታል። አማኑኤል መሄድ እብደት አይደለም። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሐኪሙ ደግሞ ይጨመር። ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ለብቻውም አትተዉት።

7. 12ኛ ክፍል ላይ የተቋረጠበት ከሆነ

ማትሪክ ያመለጠው ወጣት «አለቀልኝ» ይላል። የትግራይ ተማሪዎች በጦርነቱ ምክንያት ዓመታት ዘግይተው በ2016 መጀመሪያ ተፈትነዋል። በር አልተዘጋም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕት ማፈላለግ ዛሬውኑ ጀምሩ፤ እንደ ግል ተፈታኝ ለመመዝገብ ዋናው እሱ ነው። የምዝገባ ማስታወቂያውን ከትምህርት ሚኒስቴርና ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ገጾች ብቻ ተከታተሉ። «ፈተና አለኝ» የሚል የቴሌግራም ቻናል ገንዘብ ከመብላት ሌላ ሥራ የለውም።

ተፈትኖ 50 በመቶ ካላመጣም አትውቀሱት። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ነበሩ፤ ያውም ሰላም ያለበትን ጨምሮ። የማለፊያ ነጥቡን ላላገኙ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ የሪሚዲያል መርሃ ግብርም አለ፤ መቁረጫ ነጥቡን ተከታተሉ።

8. ሀገር ቤት የቀሩት

አንዱ ልጅ እናንተ ጋ ነው፤ ታናሽ እህቱ ግን እዚያው ናት። ኢንተርኔት ላይኖር ስለሚችል ሊንክ ብቻ መላክ አያስተማምንም። መጽሐፎቹን ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫኑና በሚታመን ሰው እጅ ላኩ። መብራትም ላይኖር ይችላልና ከፒዲኤፉ ጋር የታተመ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ልምምድ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ጨምሩ። መልሱን ለብቻ ገጽ አድርጉት፤ ራሷ ታርማለች። ስልክ ሲሠራ ደግሞ «እንዴት ናችሁ» ከማለት ጋር «የትኛው ገጽ ደረስሽ?» በሏት።

በቀበሌው ደመወዝ ሳያገኝ የተቀመጠ አስተማሪ ሊኖር ይችላል። እዚህ ያሉ ዘመዶች ተዋጥተው ለእሱ ትንሽ ነገር ቢልኩለት፣ አራት አምስት የጎረቤት ልጆችን ቤቱ ሰብስቦ ያስተምራል። ግን ይህን አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ አትወስኑ። አንዳንድ ቦታ ማስተማር ራሱ አስተማሪውንም ልጆቹንም አደጋ ላይ ይጥላል። መሰብሰብ ይቻል እንደሆነ፣ በየትኛው ሰዓትና በማን ቤት እንደሚሻል የሚያውቁት እዚያ ያሉት ናቸው። «ለጊዜው ይቅር» ካሉ ይቅር፤ ልጅቷ ቤቷ ሆና ትሠራለች። ገንዘቡን ስትልኩ ለምን እንደሆነ በስልክ አትዘርዝሩ፤ ፎቶም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።